ብረቱ በዝምታ የተሻገረ ዕለት

ኬዚያ ትሬጌና ሩበን ዮን መጀመሪያ ያየችው ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ደግፈው ወደ ጀልባዋ ሲያወርዱት ነው። የሰከረ መሰላት። ገና ረፋድ ስለነበር ደግሞ ይበልጥ ተናደደች።

«የሚያስመልሰው ሰው እዚህ ጀልባ ላይ አላሳፍርም» አለች መቅዘፊያዋን ሳታነሳ።

«ምነው በሰከርኩ» አለ ሰውየው። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። «እግሬ ነው። ከወገቤ በላይ ያለው ጨዋ ሰው ነው፤ አትፍሪው።»

በኮርንዎሏ የወንዝ ዳር ከተማ በሳልታሽ ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። በታማር ወንዝ መካከል ቤተ ክርስቲያን የሚያህል የብረት በርሜል ተተክሎ፣ ውሃው እንዳይገባ አየር በኃይል እየታመቀበት፣ ሰዎች ከሥሩ ገብተው ጭቃውን ይቆፍሩ ነበር። ዐለቱ ሲገኝ የባቡሩ ድልድይ ትልቁ ቋሚ በላዩ ይቆማል። ከዚያ ከታመቀ አየር ወደ ላይ የወጣ ሰው ግን አንዳንዴ ጉልበቱ ይከዳዋል። አንዳንዱ በማግስቱ ይድናል፤ አንዳንዱ እንደተሽመደመደ ይቀራል። ሩበን ከየትኛው ወገን እንደሚሆን ያን ዕለት ማንም አላወቀም፤ እሱም ራሱ አላወቀም።

ኬዚያ ወደ ማዶ፣ ወደ ዴቨን ዳርቻ ቀዘፈች። ሰውየው ጥርሱን ነክሶ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጧል።

«ትንሽ ቀስ ብትዪስ?» አለ።

«ቀስ ካልኩ ውሃው ወደ ባሕር ይወስደናል።»

«ይውሰደን። ባሕር ላይ ቢያንስ አየሩ በነጻ ነው፤ ማንም አያምቀውም።»

ሳትፈልግ ሳቀች። ማዶ ሲደርሱ ከጀልባው መውጣት አቃተው። በአካባቢው ሰው አልነበረም። ኬዚያ ቀይ የሱፍ ውስጥ ቀሚሷ እስኪታይ ድረስ ቀሚሷን ሰብስባ ወገቧ ላይ ሻጠች፤ ጀርባዋን ሰጠችው፤ ጭቃውን እየረገጠችም ተሸክማ ደረቅ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ሴት አዝላ አወጣችኝ ብዬ ለማን ልናገር?» አለ።

«ለማንም አትናገር። ከተናገርክ ግን የሳልታሽ ሴት ናት በላቸው፤ ይገባቸዋል።»

እውነቷን ነው፤ ይገባቸው ነበር። የሳልታሽ ሴቶች በቀዘፋ ውድድር የባሕር ኃይል ወንዶችን ስንቴ አሸንፈው እንዳሳፈሩ በዚያ ወንዝ ዳር የማያውቅ የለም።

ሩበን ከሦስት ሳምንት በኋላ በከዘራ ተመለሰ። ግራ እግሩ እንደ ድሮው አልሆነም። አለቃው ወደ በርሜሉ መልሶ አላስገባውም፤ በፈንታው ሦስት ባንዲራ ሰጠው። ስለ ባንዲራዎቹ ከማውራቴ በፊት ግን ስለ ኬዚያ አባትና ስለ ነጩ ጨርቅ መናገር አለብኝ፤ ኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው በዚያ ጨርቅ የተነሳ ነውና።

ዲጎሪ ትሬጌና ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው አሻግሯል። በማዶው መውረጃ ላይ አንድ ረጅም ዘንግ አለ፤ በዘንጉ ጫፍ ነጭ ጨርቅ ታስሯል። መሻገር የፈለገ ሰው ዘንጉን አንስቶ ጨርቁን ሁለት ጊዜ ያወዛውዛል። ዲጎሪ ያንን ካየ የጎረሰውን ሳይውጥ ይነሳል። ዝናብ ቢሆን፣ ንፋስ ቢሆን፣ ሚስቱ የተቀበረችበት ቀን እንኳ ቢሆን፣ ጠርቶት የቀረ ሰው የለም። ይህች ኩራቱ ነበረች። ሌላ ብዙ ኩራት አልነበረውም፤ ስለዚህ ይህችን አጥብቆ ይዟታል።

ኬዚያ ግን አንድ ነገር ጠርጥራለች። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት አባቷ የወደቡን ምሰሶ «እንደምን አደሩ አባ» ብሎ ባርኔጣውን ሲያነሳለት አየች። ቀለደ ብላ ሳቀች። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ትንሽ ዘግይቶ ነው የመጣው። ከዚያ ወዲህ ታየዋለች። ነጭ ነገር በጨለመ ዳርቻ ላይ ሲንቀሳቀስ ይለያል፤ ሌላው ሁሉ ጭጋግ እየሆነበት ነው። ልትጠይቀው ፈልጋ ስንት ጊዜ አፏ ድረስ መጥቶ መለሰችው። ብትጠይቀው እንደሚክዳት፣ ከካደ በኋላም ቃሉን እንደማያጥፍ ታውቃለች።

ሩበን በየእሑዱ ነጩን ጨርቅ ያወዛውዝ ጀመር። ሳልታሽ ውስጥ ጉዳይ አልነበረውም። ዲጎሪ እሑድ ጠዋት ጸሎት ቤት ስለሚሆን የምታሻግረው ኬዚያ ነበረች፤ ሩበንም ይህን አጣርቶ ነው።

«ምን ልታደርግ ነው የመጣኸው?» አለችው በሦስተኛው እሑድ።

«ልመለስ ነው የመጣሁት። ለመመለስ ደግሞ መጀመሪያ መሻገር አለብኝ።»

እየተሻገሩ ባንዲራዎቹን አስተማራት። ቀይ ማለት ጎትት ነው። ነጭ ማለት አላላ። ሰማያዊ ማለት ቁም።

«ቀይ ጎትት መሆኑ ከመጀመሪያው ቀን ገብቶኛል» አለ ከቀሚሷ ጫፍ ሥር ብቅ ያለውን ቀይ ውስጥ ቀሚስ በዓይኑ እየጠቆመ።

በመቅዘፊያዋ ውሃ ረጨችበት። ከዚያ ግን ባንዲራዎቹን በደንብ ተማረች፤ የምትይዘውን ነገር በደንብ ካልያዘች የማትወድ ልጅ ነበረች። ሩበንም ሁሉንም አስረዳት። ወንዙን የሚሻገረው ትልቁ ብረት በማዶው ዳርቻ ላይ ተገጣጥሟል፤ ሺህ ቶን ይመዝናል። ውሃው ከፍ የሚልበት ቀን ሲደርስ ከሥሩ ትልልቅ የብረት ታንኳዎች ይገቡና ያነሱታል። ከዚያ ከዳርቻውና መልሕቅ ከጣሉ መርከቦች በተዘረጉ ገመዶች እየጎተቱ ቋሚዎቹ ላይ ያደርሱታል። አምስት መቶ ሰው ገመዶቹን በሚጠቀልሉት መዘውሮች ላይ ይቆማል። አንዱ ጮኾ ሌላው ተሳስቶ ከሰማ ብረቱ ወደ ባሕር ይሄዳል። ስለዚህ በዚያ ቀን ማንም ሰው ትንፍሽ አይልም። ትእዛዙ ከብረቱ አናት ላይ በባንዲራ ይወጣል፤ እንደ ሩበን ያሉ ሰዎች አይተው ይደግሙታል።

«አምስት መቶ ወንድ ግማሽ ቀን ሙሉ ዝም ሊል?» አለች ኬዚያ። «ድልድዩንስ ትሠሩታላችሁ። ይህን ግን አላምንም።»

«እኔም ዝም ማለት አልወድም። አሁን ራሱ የምናገረው ነገር አለኝ።»

መቅዘፏን አቆመች። ጀልባዋ በውሃው ላይ በቀስታ ዞረች። እሱ ከዘራውን አየ፣ እሷ እሱን አየችው።

«ወንድሜ ካናዳ ነው» አለ በመጨረሻ። «ብረቱ በሰላም ከተሻገረ ድልድዩ እስኪያልቅ ያቆዩኛል። ካልተሻገረ ሁላችንንም ያሰናብቱናል። የእኔን እግር አይቶ ሌላ ሥራ የሚሰጠኝ እዚህ የለም፤ መርከብ ላይ እወጣለሁ። ከቀረሁ ግን... ኬዚያ፣ ከቀረሁ ታገቢኛለሽ?»

«አገባሃለሁ» አለች። ትንሽ እንኳ አላቅማማችም፤ መልሱ ከተዘጋጀ ሰንብቷል። «ግን ከአባቴ ተደብቄ አይደለም። እሱን ትቼ ካናዳ አልሄድም።»

«እኔን ትተሽስ?»

«አንተንም ትቼ እዚህ አልቀርም።»

«ሁለቱ እኮ አብረው አይሄዱም።»

«ለዚህ ነው ያ ብረት የሚሻገረው» አለችና መቅዘፊያዋን አነሳች። «ሌላ መንገድ የለም።»

ሩበን የእሑድ ልብሱን ለብሶ፣ እናቱ የጋገረችውን ቢጫ የቅመም ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ዲጎሪ ቤት መጣ። ሽማግሌው ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ጠበቀው፤ ዳቦውን ተቀበለ፤ አሸተተው፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ካፒቴን፣ ስለ ልጅዎ ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ። የመሻገሪያ ዘንጌን በየእሑዱ እያነሳህ እጀታውን ልትጨርሰው እኮ ነው። አንተ የማዶ ሰው አይደለህ?»

«ነኝ፣ ካፒቴን።»

«የማዶ ሰው። በዚያ ላይ በአንድ እግር የቆምክ። በዚያ ላይ ደግሞ እንጀራዬን የሚወስደውን ነገር የምትሠራ። ከሦስቱ አንዱን እንኳ ብትተው ምን ነበረበት?»

«እግሬን ብተወው ደስ ይለኝ ነበር» አለ ሩበን። «የማዶ ሰውነቴን እናቴ ናት ያመጣችው። ድልድዩ ግን እኔ ብሠራውም ባልሠራውም ይሠራል።»

ዲጎሪ ጢሙን ዳበሰ። ልጁ መልስ በማወቁ ትንሽ ደስ ሳይለው አልቀረም፤ ደስ ስላለው ደግሞ ተናደደ።

«በዝምታ ይሻገራል ነው የምትሉት፣ ያንን ብረት?»

«አዎ፣ ካፒቴን።»

«ስማ እንግዲህ። ሠላሳ ስምንት ዓመት እዚህ ወንዝ ላይ ኖሬያለሁ፤ ወንድ ሳይጮህ አንዲት ዓሣ እንኳ ከውሃ ወጥታ አታውቅም። ያ ብረት አንድ ሰው ሳይጮህ ወንዙን ከተሻገረ፣ እኔም አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ልጄን እሰጥሃለሁ። አሁን ዳቦህን ይዘህ ሂድ።»

ሩበን ዳቦውን ትቶ ሄደ። ኬዚያ አባቷን ትኩር ብላ አየችው።

«ቃልህ ነው?»

«ቀልዴ ነው።»

«እኔ የሰማሁት ቃል ነው» አለችና ዳቦውን ቆረሰች። «ብላ፤ ጥሩ ዳቦ ነው።»

በሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ቀኑ ደረሰ። ከፕሊመዝም፣ ከየመንደሩም ሰው ጎርፎ በሁለቱም ዳርቻ ያለው ኮረብታ በባርኔጣና በጃንጥላ ተሸፈነ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እንዳይደወል ተከልክሏል። ውሾች ሳይቀሩ ታስረዋል። መሻገሪያው ለዚያ ቀን ተዘግቷል።

«ዛሬ የሚሻገር የለም፣ አባዬ» አለችው ኬዚያ ስትወጣ።

«ሰምቻለሁ። ደንቆሮ አይደለሁም።»

«መቅዘፊያዎችህን ቤት ላስገባልህ?»

«መቅዘፊያዬን ንኪና እጅሽን ፈልጊው።»

ወደቡ ዳር፣ ግንቡ ላይ፣ ከጀልባው ሁለት እርምጃ ርቆ ተቀመጠ። ኬዚያ ዞር ብላ አየችው፤ ኮቱን ቆልፎ፣ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ከንፈሩን ገጥሟል። አሳዘናት። ያ ብረት ለእሷ ሩበንን ያስቀርላታል፤ ለአባቷ ግን የዕድሜ ልኩን ሥራ ሊወስድበት ነው የሚመጣው።

የሳልታሽ ቀዛፊ ሴቶች ውሃ ውስጥ የወደቀ ሠራተኛ ቢኖር እንዲያነሱ በአራት ትንንሽ ጀልባ ተመድበው ነበር። ኬዚያ ከሄስተር ጋር ሆነች። ሄስተር ባሏ የሞተባት፣ ክንዷ የወፈረ፣ የቡድኑ አለቃ ናት።

«ከአሁን ጀምሮ እኔ ዝም ልል ነው» አለች ሄስተር መቅዘፊያውን እየያዘች። «ባሌ ይህን ቀን ሳያይ ሞተ፤ አይ አለመታደል።»

ከዚያ ከብረቱ አናት ላይ ምልክት ታየና ዓለም ሁሉ ጸጥ አለ።

እንዲህ ያለ ዝምታ ኬዚያ ሰምታ አታውቅም። ሃያ ሠላሳ ሺህ ሰው በዚያ አለ፤ የሚሰማው ግን ውሃው የታንኳዎቹን ጎን ሲልስና የመዘውሮቹ ጥርስ ቀጭ ቀጭ ሲል ብቻ ነው። ብረቱ ከዳርቻው ተላቀቀ። ርዝመቱ የሳልታሽን ዋና መንገድ ያህላል፤ በላዩ ደግሞ ወፍራም የብረት ቱቦ እንደ ጀርባ ጎብጦ ተጋድሟል። እንዲያ ያለ ነገር ሲንሳፈፍ ዓይኗ እያየ አላመነችም። ሩበን በወንዙ መካከል መልሕቅ በጣለ መርከብ ላይ ቆሟል። በአንድ እጁ የእንጨቱን አጥር ይዟል፤ በሌላው ባንዲራ ያነሳል። ቀይ። የእሱ መርከብ መዘውር ዞረ፤ ከመርከቡ እስከ ብረቱ የተዘረጋው ገመድ ተወጠረ፤ ብረቱ ቀስ ብሎ አፍንጫውን ወደ ሳልታሽ አዞረ።

አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሆነ። ኬዚያ እያንዳንዱን ምልክት ለራሷ በልቧ ታነበዋለች።

ከዚያ ከብረቱ አናት ነጭ ወጣ፤ በማዶው ዳርቻ ያለው ምልክት ሰጪም ነጭ ባንዲራውን አነሳ። አላላ ማለት ነው። አንዴ ተወዛወዘ። ሁለቴ ተወዛወዘ። ሩበንም ደገመው፤ የመርከቡ ገመድ ላላና ውሃ ውስጥ ሰጠመ።

ኬዚያ ወደ ወደቡ የዞረችው ለምን እንደሆነ ኋላም ማስረዳት አልቻለችም። ግንቡ ላይ የተቀመጠ ሰው የለም። የአባቷ ጀልባ ከዳርቻው ሃያ ክንድ ርቆ ሄዷል፤ አባቷ ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት በለመደው እጅ፣ አንድ ወጥ አድርጎ ይቀዝፋል። ሁለት ጊዜ የተወዛወዘ ነጭ ጨርቅ አይቷል። ሌላ ምን ያስፈልገዋል? ሰው ጠርቶታል።

በወደቡ ዳር ያለው ሰው ሁሉ አየው። እጆች ተዘረጉ፤ አፎች ተከፈቱ፤ ግን አንድም ሰው ድምፅ አላወጣም፤ ያን ያህል ተፈርቷል ዝምታው። ዲጎሪ ደግሞ እጅ ቢያውለበልቡለትም አያይም።

ኬዚያ የሄስተርን ጉልበት መታችና አሳየቻት። ሄስተር ዓይኗ ፈጠጠ፤ ከዚያ እንደ ውድድር ቀን ጎንበስ ብላ ቀዘፈች። የሰጠመው ገመድ ከአባቷ ጀልባ ፊት ለፊት፣ ምናልባት ክንድ ተኩል ከውሃው በታች ተዘርግቷል። ሲጎተት ድንገት እንደ ክር ቀጥ ብሎ ነው የሚነሳው። በላዩ ያለ ጀልባ ይገለበጣል፤ ሽማግሌ ያለበት ከሆነ ደግሞ መትረፍ የለም።

ከብረቱ አናት ላይ ቀይ ወጣ።

ኬዚያ ሩበንን አየችው። ቀዩን ሊያነሳ እጁ ወደ ባንዲራው እየሄደ ነው። አንድ ቀን ነግሯት ነበር፤ «በዚያ ቀን እጄ የእኔ አይደለም፤ ከላይ ያየሁትን ብቻ ነው የምደግመው። ከራሱ ፈጥሮ ባንዲራ ያነሳ ሰው በዚያው ሰዓት ይባረራል።» ከፍ ብሎ የነበረው ውሃ ወደ ባሕር መመለሻው ደርሷል። ብረቱ ካልተጎተተ ወደ ታች መውረድ ይጀምራል። ብረቱ ከሄደ ሩበን ይሄዳል።

ከራሷ ላይ ሰማያዊ ሻሿን ፈታች። በምትወዛወዘው ጀልባ ላይ ቆመች፤ በሁለት እጇ ይዛ ከፍ አደረገችው፤ ንቅንቅ አላለችም።

ሩበን አያት። በዚያ ርቀት ዓይኑን ልታይ አትችልም፤ ግን እንዳያት አወቀች። እጁ ቀዩ ላይ ቆመ። ከዚያ ሰማያዊውን አነሳ።

የመዘውሩ ሰዎች ቀጥ አሉ። ብረቱ በዚያ በኩል የሚጎትተው አጣ። ከሥሩ ያሉት ታንኳዎች ሲያቃስቱ ተሰማ፤ ያ ሁሉ ብረት አንድ ስንዝር፣ ከዚያም አንድ ክንድ ወደ ታች ሸተት አለ። በኮረብታው ላይ ያለው ሕዝብ ትንፋሹን ዋጠ።

ጀልባዎቹ ተነካኩ። ኬዚያ ዘላ አባቷ ጀልባ ውስጥ ገባች። ዲጎሪ ደንግጦ ዞረ፤ «ማነው?» ሊል አፉን ሲከፍት መዳፏን ጫነችበት። ሽታዋን አወቀ መሰለኝ፤ ዝም አለ። መቅዘፊያዎቹን ከእጁ ነጠቀች። በሕይወቱ ከእጁ የነጠቀው ሰው አልነበረም። አሥር ጊዜ ቀዘፈች፤ ሄስተርም ከጎን የጀልባውን ማሰሪያ ይዛ ጎተተች። ጀልባው ገመዱ ካለበት መስመር ወጣ።

አሁን ምልክት መስጠት አለባት። ቀይ ባንዲራ የላትም። ሃያ ሠላሳ ሺህ ሰው ያያታል። የጸሎት ቤቱ ሰባኪም ከነሚስቱ ዳርቻው ላይ አለ። ኬዚያ አላሰበችበትም። ቆማ የላይ ቀሚሷን እስከ ወገቧ ሰበሰበችና ቀዩን የሱፍ ውስጥ ቀሚሷን ለመላው ኮርንዎልና ዴቨን አሳየች።

ሩበን ቀዩን አነሳ።

መዘውሩ ዞረ። የብረቱ ገመድ በሃያ እርምጃ ርቀት፣ ዲጎሪ ከደቂቃ በፊት በነበረበት ቦታ ላይ፣ ውሃ እያንጠባጠበ ተወጥሮ ተነሳ። ድምፁን ዲጎሪም ሰማ። ቅርብ ስለነበር ጥቁሩን መስመርም አየው። ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። ብረቱ ቆመ፤ አመነታ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ውሃው ሲጎድል ብረቱ በሁለቱ ቋሚዎች ላይ ልክ ቦታው ላይ ተቀመጠ። አንድም ሰው አልጮኸም። የባሕር ኃይሉ ባንድ መጫወት ሲጀምር ግን ያ ሁሉ የታፈነ ድምፅ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ ባርኔጣ ሁሉ ሰማይ ላይ ሆነ።

በዚያ ሁካታ ውስጥ ዲጎሪ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ማን ነበር የጠራኝ?»

ኬዚያ አጠገቡ ተቀመጠች። ልትዋሸው ትችል ነበር። «ማንም አልጠራህም፣ አባዬ። የእነሱ ባንዲራ ነበር።»

«ነጭ ነበር።»

«ነጭ ነበር።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ሌላ አልጠየቀም፤ እሷም ስለ ዓይኑ ምንም አላለችም። ሻሿን ከጀልባው ወለል አንስታ ጨምቃ አሰረች፤ ወደ ወደቡም ቀዘፈችው። 

ሩበን በከዘራው እያነከሰ ወደ ወደቡ ሲመጣ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። 

«አለቃዬ ጠራኝ» አለ። «ማን አዘዘህ አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«ወንዙን ከእኔ በላይ የምታውቅ ሰው አዘዘችኝ አልኩት።»

«እና?»

«ሐሙስ ሥራህ ላይ ተገኝ አለኝ። ሁለተኛው ብረት ሲሻገር ደግሞ ለዚያች ልጅ እውነተኛ ባንዲራ ይሰጣት፤ የሰባኪው ሚስት ከአሁን አሁን ራሷን ትስታለች ብለን ሥራ ፈታን አለ።»

ሄስተር ሆዷን ይዛ ሳቀች። ኬዚያ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ያንን ሳትደብቅ አየችው። «ባንዲራውን ባታነሳውስ ኖሮ?» አለች።

«አንቺ ቁም ስትዪ ምን ላደርግ ኖሯል?»

ከዚያ ሩበን ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ካፒቴን፣ ባለፈው የተናገርነው ነገር...»

ዲጎሪ እጁን አንስቶ አስቆመው። አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። ግንባሩ ቀላ፤ የሚናገረው ብዙ እንደነበር ያስታውቃል። ግን አልተናገረም። የኬዚያን እጅ ፈልጎ ያዘ፤ የሩበንንም በዳበሳ አገኘ፤ አንዱን በሌላው ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ጠበቅ አደረጋቸው። ከዚያ ዞሮ ዳገቱን ብቻውን ወጣ።

«ምን ሆነ ሰውየው፣ ምላሱን ዋጠው?» አለች ሄስተር።

«ቃሉን እየጠበቀ ነው» አለች ኬዚያ።

ጠበቀውም። ያን ዕለት እራት ላይ ፓስቲውን፣ ሥጋና ድንች የተጠቀለለበትን ቂጣ፣ በዝምታ በላ፤ መልካም እንቅልፍ እንኳ ሳይላት ተኛ። ኬዚያ ዝምታው አብሮት ያድራል፣ ሲነጋ ይለቀዋል ብላ ጠበቀች።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ እያቀረበች ሳለ አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ማዶ ይመለከት ነበር። ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ አዲሱ ብረት ይታያል፤ ገና ውሃው አጠገብ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል፤ ወደ ላይ የሚያነሱት ቀስ በቀስ ነው። ዲጎሪ ግን የሚያየው ብረቱን አልነበረም። ዓይኑን አጠበበ። በመዳፉ አሸው። እንደገና አየ።

«ልጄ» አለ።

ድምፁን ከትናንት ወዲህ ገና መጀመሪያ መስማቷ ነበር። ድስቱን አስቀመጠች።

«ማዶ ላይ ጨርቅ የሚያወዛውዝ ሰው አለ እንዴ? እኔ... ለእኔ አይታየኝም።»

ኬዚያ መጥታ አጠገቡ ቆመች፤ ትከሻዋ ትከሻውን ነካው። በማዶው መውረጃ ላይ፣ በአንድ እግሩ ዘመም ያለ ሰው ዘንጉን ይዞ ነጩን ጨርቅ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም ሦስተኛ፣ ከዚያም አራተኛ ጊዜ ያወዛውዛል።

«አለ፣ አባዬ» አለች። «ሩበን ነው።»

ዲጎሪ ከግድግዳው ላይ መቅዘፊያዎቹን አውርዶ ሰጣት።

«በይ ሂጂ አምጪው» አለ። «እኛን ጠርቶ የቀረ ሰው የለም።»